ነፍሳትንና ሸረሪትን አጥብቆ የሚፈራ ልጅ

ሾላ ገበያ ውስጥ ከእህሉ ጆንያ ነቀዝ፣ ከማሩ ዙሪያ ንብና ዝንብ አይጠፋም። አብዛኛው ልጅ እሽ ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ግን ይጮኻል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ አልገባም ይላል። እንዲህ ያለው ፍርሃት ቢያንስ 6 ወር ከዘለቀና የዕለት ኑሮውን ካወከ ፎቢያ ይባላል።

ፍርሃቱን የሚያጸናው ሽሽቱ ነው። ልጁ በሸሸ ቁጥር እፎይ ስለሚል፣ ያዳነው መሸሹ ይመስለዋል።

ሕክምናው ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ኮቨር ጆንስ በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ጥንቸል የሚፈራው ሕፃን ፒተር የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏ በጥቂት በጥቂቱ እንድትጠጋው ተደርጎ ፍርሃቱ ለቆታል። ለሸረሪትም መንገዱ ያው ነው፦ መጀመሪያ ሥዕል፣ ቀጥሎ በተከደነ ብርጭቆ ውስጥ ያለች ሸረሪት ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ። ወደሚቀጥለው የሚታለፈው ልጁ የፊተኛውን ሲለምድ ነው። በረሮ ይዞ ማሳደድ፣ «ወንድ ልጅ አይፈራም» እያሉ ማሸማቀቅ (ቤተሰቡ እንደ ቀልድ ቢያየውም) ነገሩን ያብሰዋል። ንብ አትናደፍም ብሎ መዋሸትም አይበጅም፤ እጅን ሳያወናጭፉ ቀስ ብሎ መራቅን ማስተማር ይሻላል።

ፍርሃቱ እንቅልፍ ከነሳው ወይም ከትምህርት ቤት ካስቀረው፣ ወላጆች ሳይውሉ ሳያድሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ።