«ተመችቶሻል!»፦ የክብደት ነገር በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ

ስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ እሑድ እሑድ ከፊሉ ለመኪና ዝግ ነው። ወንዙን ተከትሎ የሚጠማዘዘው አስፋልት ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለሯጭ ይለቀቃል። የልጅ ጋሪ እየገፉ የሚሮጡ እናቶች ያልፋሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በአማርኛ እየተጨዋወቱ ዱብ ዱብ የሚሉ ወጣቶችም አይጠፉም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል፣ በፌንተን ጎዳናና በጆርጂያ አቬኑ ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ክትፎውን፣ ጥብሱንና በያይነቱን ለእሑድ ምሳ ያሰናዳሉ። ከምግብ ቤቶቹ እስከ ወንዙ በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው ግን የሚሄደው በመኪና ነው።

ከአገር ቤት የመጣ ወጣት አሜሪካ ሁለትና ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ሠርግ ወይም ክርስትና ላይ ዘመድ ሲያገኘው የሚሰማውን ሰላምታ ያውቀዋል፦ «ወፈር ብለሃልሳ! ተመችቶሃል ማለት ነው።» የከሳ ደግሞ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይባላል። ሁለቱም ንግግር ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሥሩም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 22 በመቶው ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ ከሚገባው በላይ የሚመዝኑት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወንዶቹ ደግሞ 3 በመቶ። ብዙ ሰው በሚከሳበት አገር መወፈር የደህንነት ምልክት ሆኖ ቢቆጠር አይደንቅም።

አሜሪካ ግን ሌላ አገር ናት። በ2017 እና በ2018 በተሰበሰበው ብሔራዊ መረጃ መሠረት ከ20 እስከ 39 ዓመት ካሉት አሜሪካውያን 40 በመቶው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበራቸው። አዲስ ገቢው ወጣት እነዚህን ሰዎች ያወፈረው ኑሮ ውስጥ ነው የሚገባው፦ መኪናው፣ ፈረቃው፣ ባለ ሁለት ሊትር ለስላሳው። ስለዚህ ክብደቱ ሲጨምር «ሰነፍክ» ከማለት በፊት ምን እንደተለወጠበት መጠየቅ ይቀድማል።

የጠፋው መንገድ

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በአሰላ አቅራቢያ ከቤቱ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ፣ ሌላ 10 ኪሎ ሜትር ይመለስ ነበር። ደብተሩን አቅፎ በመሮጡ የለመደው የግራ ክንድ አጣጠፍ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም አልተወውም። ኃይሌን ያገነነው ሩጫ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ልጅ የዘወትር ኑሮ ነው፤ ታክሲ ፍለጋ መውጣት፣ ገበያ መውረድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ውሃ መቅዳት። ይህን ሁሉ «ስፖርት» ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሰውነት ግን ይቆጥረዋል።

አሜሪካ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ሳይቆጠር የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። እዚያው በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ምዕራብ፣ ከ395 አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ሳውዘርን ታወርስ የሚባሉ አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ፤ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ከኢትዮጵያና ከጎረቤት አገሮች የመጡ ናቸው። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚኖር ወጣት ከአሳንሰር ወደ መኪና ማቆሚያ፣ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ሥራ ነው መንገዱ። ኡበር የሚነዳው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ የሚቀበለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይውላል። አረጋውያንን የምትንከባከበው ልጅ ሌሊቱን ሠርታ ጠዋት ኮሌጅ ትገባለች፤ በመሃል የሚደርስላት ቡናና ዶናት ነው።

እንቅልፍ ማጣቱም በራሱ ያወፍራል። በ2022 የታተመ አንድ የቺካጎ ጥናት ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 40 የሆነ፣ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነና ትንሽ የሚተኙ 80 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከመካከላቸው ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ተጨማሪ እንቅልፍ ያገኙት፣ ማንም «ዳይት ያዙ» ሳይላቸው፣ ተጨማሪ ካልተኙት ጋር ሲነጻጸሩ በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀንሰው በሉ። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወጣት «ተኛ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ቢያንስ ግን ሌሊት ሥራ ላይ የሚያባብለው ረሃብ ከጠባይ ድክመት እንዳልመጣ ማወቅ ይገባዋል።

ገበታው

እንጀራ በከንቱ ይወቀሳል። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ያህል ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል ፋይበር አለው፤ ከነጭ ዱቄት ዳቦ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይልቅ ማየት የሚያስፈልገው ውጭ አገር የሚጋገረው እንጀራ ስንት እጁ ጤፍ፣ ስንት እጁ ስንዴና ገብስ እንደሆነ ነው። ቀጥሎም ስንት እንጀራ እንደተበላና ምን እንደተጠጣበት። በአንድ ትሪ ላይ አራት ሰው ሲበላ የራስን ድርሻ መለካት ያስቸግራል፤ ጉርሻውና «በሞቴ» ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ጾሙም መልኩን ቀይሯል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባል፤ ምግቡም ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና አተር ክክ ነው። ሐኪሞች ልብን ይጠብቃል የሚሉት ዓይነት ምግብ ማለት ነው። ነገር ግን ሥራ ቦታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚውል ወጣት እጅ የሚገባው ሌላ ነው፦ የተጠበሰ ድንች፣ ቺፕስ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ። አብዛኞቹ የጾም ናቸው። የጾሙ ሕግ ሳይሻር ገበታው ተለወጠ።

ይህ ለውጥ ሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ከተመረመረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያው ጎረቤት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው ቤተዝዳ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆል የተባለው ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አስቀምጦ መገባቸው። ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው፤ ሁለቱን ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ። የቀረበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ፋይበር እኩል ነበር፤ የፈለጉትን ያህል መብላትም ይችሉ ነበር። በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት ሰዎቹ የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም ወደ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ምስሩና ሽሮው ከየትኛው ወገን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

ሸንቃጣውም ይመርመር

ውፍረት ብቻ እየተጠበቀ የስኳር በሽታ የሚያመልጥበት መንገድም አለ። በዚያው በቤተዝዳው ተቋም «አፍሪካውያን በአሜሪካ» በሚል የሚታወቀው ጥናት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የአፍሪካ ስደተኞችን ይከታተላል። ጥናቱ ሳይወፍሩ የስኳር መዛባት የጀመራቸው ብዙ ሰዎች አግኝቷል። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የተለመደ የደም ምርመራ ብቻውን ሲሠራም ስኳራቸው ከተዛባባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን እንደሚያመልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ያንን ምርመራ በባዶ ሆድ ከሚሠራው ጋር ማጣመር ይሻላል ይላሉ።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1984 አካባቢ ጀምሮ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን መካከል በወጣቶቹ ላይ ስኳር በብዛት መታየቱ በ1988 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ቀጭን ሆነው የገቡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሸንቃጣው የሃያ ስምንት ዓመት ልጅም፣ በተለይ ወላጆቹ ስኳር ካለባቸው፣ ቢመረመር ይበጀዋል።

ምን ይሠራል?

ከሠርግ በፊት በሦስት ሳምንት ዐሥር ኪሎ ለመቀነስ የሚደረገው ትግል የታወቀ ነው። እንዲህ በፍጥነት መክሳት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በቴሌቪዥን የክብደት ውድድር ላይ በጣም ከከሱት ሰዎች 14ቱን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመሩ። አብዛኞቹ ያጡትን ክብደት ብዙውን መልሰው አግኝተውት ነበር፤ አካላቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ካሎሪ ግን ከሚጠበቀው በቀን 500 ያህል ቀንሶ ቀርቷል። አካል የረሃቡን ዘመን አልረሳም።

በአንጻሩ ቀስ ያለው መንገድ ጠንካራ ማስረጃ አለው። መረጃው በሮክቪል፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማእከል የተጠናቀረው ትልቅ የስኳር መከላከል ጥናት ለስኳር የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን አሳትፏል። ለአንደኛው ወገን የተሰጠው ግብ ሁለት ነበር፦ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ። በ2002 በታተመው ውጤት የስኳር በሽታ በዚህ ወገን በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ ደግሞ በ31 በመቶ። ሰባት በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 5.6 ኪሎ፣ በአሜሪካ ሚዛን 12 ፓውንድ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨምራል፤ ለዚህ ጂም ግዴታ አይደለም፣ ፑሽአፕና ደረጃም ይበቃሉ።

መርፌውስ? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ ላይ ነው፤ ዌጎቪ የተባለውን መርፌ ለክብደት መቀነሻ ያጸደቀው በሰኔ 2021 ነው። በዋናው ጥናት ተጠቃሚዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደት ቀንሰዋል። ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አገኙት። በውፍረት ለተቸገረ ሰው እውነተኛ እርዳታ ነው፤ ከሐኪም ጋር ተመክሮ የሚገባበት እንጂ ለሠርግ ሰሞን የሚያዝ አይደለም።

ከዚህ እውቀት ብዙው የተጠራቀመው በሐበሻ ሰፈር ዙሪያ መሆኑ ያስገርማል፤ ያስቆጫልም። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር እንኳን ለዓመታት ዋና ቢሮው አሌክሳንድሪያ፣ ቦረጋርድ ጎዳና ላይ፣ ከሳውዘርን ታወርስ አጠገብ ነበር። የቀረው በአማርኛ ተነግሮ ገበታው ድረስ መድረሱ ነው፤ መድረሻው ደግሞ ተዘጋጅቷል። ከ1984 ጀምሮ በሐምሌ መግቢያ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌስቲቫል ሕዝቡ በስፖርት ስም መሰብሰብ እንደሚወድ ያሳያል። አዲስ አበባም በታኅሣሥ 2018 «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎቿን ለመኪና ዘግታ ሕዝቡን አስወጥታለች። ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ መስጊዶች፣ እድሮችና የእግር ኳስ ቡድኖች በሳምንት አንድ ቀን አባሎቻቸውን ለእርምጃ ቢጠሩ ማንንም ፈቃድ አይጠይቁም።

ስላይጎ ክሪክ እሑድ ክፍት ነው። ከፌንተን ጎዳና ምሳ በልቶ መኪናውን ባለበት ትቶ በእግር ወርዶ የሚመለስ ወጣት ደርሶ መልሱ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የሳምንቱ 150 ደቂቃ ከሩብ በላይ ተቀነሰ ማለት ነው። በመንገድ ላይ አክስቱ ቢያገኙትና «ከሳህሳ!» ቢሉት፣ ክንዳቸውን ይዞ አብረውት እንዲወርዱ ሊጠይቃቸው ይችላል።