ሰውን መሸጥና የሕግ አውጪዎች ድካም

ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የይፋት ቆላ እየሰፋ ሄዶ ከአፋር ምድር ጋራ ሲገናኝ ያያል። ይህ ቆላ ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚያበቅል ለም አገር ነው። ሆኖም በዚሁ አገር በኩል ከእህልና ከከብት ሌላ ሰው ራሱ እንደ ሸቀጥ ተነድቷል። ንግዱ መልኩን ለወጠ እንጂ ዛሬም አልጠፋም። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን በሰው መነገድ ምን እንደ ሆነ፣ ሕግ አውጪዎችም እርሱን ለማጥፋት ምን እንዳደረጉና ለእኛ ምን እንደ ቀረ ለጓደኞቼና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847፣ ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ በምትባለው የይፋት ከተማ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ከዚያ የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ታጁራ ወደብ ይወርዱ ነበር። በአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባለው ስፍራ ባሮች ይሸጡ እንደ ነበረ በ1840ዎቹ ወደ ሸዋ የመጡ የኤውሮጳ መንገደኞች ጽፈዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ተወስደዋል።

ይህን የመሰለውን ንግድ በሕግ ማጥፋት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ያስረዳል። ዊልያም ዊልበርፎርስ የተባለው የምክር ቤት አባል በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1791 የባሪያ ንግድ እንዲቀር ያቀረበው ሐሳብ 163 ሰዎች ተቃውመውት፣ 88 ብቻ ደግፈውት ወደቀ። እርሱ ግን ሳይታክት በየጊዜው መልሶ ያቀርበው ነበርና በ1807 ሕጉ ጸደቀ። ያም ቢሆን የቀረው ንግዱ ብቻ ነበር፤ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነት ራሱ እንዲሻር የሚያዝዘው ሕግ የወጣው ከ26 ዓመት በኋላ በ1833 ነው።

የእኛም አገር ነገር እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳሉ፣ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ደንብ ወጣ። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ ግን የታወጀው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት እንዳይያዝ፣ ለማናቸውም ዓላማ ቢሆን በሰው መነገድ የተከለከለ መሆኑን ደንግጓል።

ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ንግዱ ስለ ምን አልቀረም? የቀድሞው ባሪያ በእግር ብረት ይታሰር ነበር፤ የዛሬው ግን የሚታሰረው በተስፋ ቃል ነው። ከሰሜን ሸዋና ከወሎ የሚነሡ ወጣቶች በአፋር በኩል ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለመግባት ይሞክራሉ። ኦቦክና ታጁራ በአንድ ባሕር ዳር ያሉ ጎረቤታሞች ናቸውና መንገዱ ያው የጥንቱ መንገድ ነው። ደላላው «አሁን ምንም አትከፍልም፤ ስትደርስ ሠርተህ ትከፍላለህ» ይላል። ወጣቱ የመን ሲደርስ ግን ከአንድ ግቢ ይዘጋበትና እየተደበደበ ለወላጆቹ ስልክ እንዲደውል ይደረጋል። ወላጅም በሬውን ሸጦ ማስለቀቂያ ይልካል። ከዚህ የተረፈውን ባሕሩ ይጠብቀዋል፤ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን በአቢያን ጠረፍ 157 ያህል ሰዎች የጫነ ጀልባ ሰጥሞ ከ60 የሚበልጡ ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ይህን ለመግታት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909ን አወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ሽሮ አዋጅ ቁጥር 1178ን ተካ። አንድ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ረቂቁ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ እንደራሴዎች ተከራክረው ድምፅ ይሰጡበታል፤ ፕሬዚዳንቱም በ15 ቀን ውስጥ ፈርመውበት በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል።

በአዋጁ መሠረት በሰው መነገድ ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛው ሥራው ነው፤ ይኸውም ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል ወይም መቀበል ነው። ሁለተኛው ዘዴው ሲሆን እርሱም ማታለል፣ ማስፈራራት፣ ኀይል ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ዓላማው፣ ማለት የሰውን ጉልበት ወይም አካል መበዝበዝ ነው። የተመለመለው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን ማታለል ወይም ኀይል ባይኖርበትም ወንጀል ነው። በሰው የነገደ ከ7 እስከ 12 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ20,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይቀጣል፤ ተጎጂዋ ሴት፣ ወይም ተጎጂው ሕፃን ሲሆን እስራቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት፣ መቀጮውም ከ30,000 እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። የተሸጠው ሰው «ወድጄ ነው የሄድኩ» ማለቱ ሻጩን ነጻ አያወጣውም።

መከልከል ብቻውንም መድኀኒት አይሆንም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መጓዝ ታገደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሳውዲ ዓረቢያ የሚባረሩት መመለስ ጀመሩና በወራት ውስጥ ቁጥራቸው ከ160,000 በለጠ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲጸና ሕጋዊው በር ስለ ተዘጋ የደላላው በር ሰፋ። ስለዚህም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ የሚላከው ስምምነት ወደ ተደረገበት አገር እንዲሆንና ዕድሜውም 18 ዓመት የሞላ እንዲሆን ደነገገ።

እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለው የአዋጅ ብዛት አይደለም። ደላላው ብዙ ጊዜ ባዕድ ሳይሆን ጎረቤት፣ አንዳንዴም ዘመድ ነው። ልጅ ሲጠፋ ወላጅ ወደ ፖሊስ ከመሄድ ይልቅ ሽማግሌ ይልካል፤ ገንዘቡ ከተመለሰ ነገሩ በእርቅ ያልቃል፤ ደላላውም በሚቀጥለው ሳምንት የሌላውን ልጅ ያነጋግራል። ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ሰውን የሸጠ ሰው የበደለው አንድን ቤት ብቻ ስላልሆነ በሁለት ቤት መካከል ታርቆ ሊቀር አይገባውም። ምስክር የሌለበት ሕግ፣ እንደራሴው የቱን ያህል ቢደክምበት፣ ከወረቀት አያልፍም።

ከማውቃቸው ልጆች መካከል ፈተና ሳይደርስ ደብተራቸውን ጥለው የሄዱ አሉ። ሰነፎች አልነበሩም፤ የታናናሾቻቸው ችግር የከበዳቸው ናቸው። ስለዚህ እንደራሴያችን ለምርጫ ሲመጣ ስለ ቅጣቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መስኖው፣ ስለ ሙያ ትምህርቱና ስለ ሥራው ልንጠይቀው ይገባናል።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላልና ልውሰድህ የሚል ሰው ሲመጣ ፈቃዱ የት እንዳለ፣ ውሉን ማን እንደሚፈርም፣ ጉዞውም ስለ ምን በሌሊት እንደሚሆን ጠይቁ። ወላጆቻችንም ልጅ ሲጠፋ ዝም አትበሉ፤ ለፖሊስ ተናገሩ፤ ፍርድ ቤት ሲጠራችሁም መስክሩ። አባቶቻችን በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር። ዛሬም ይህን ቃል ለደላላው የሚናገር ሰው በየቀበሌው ከተገኘ የሕግ አውጪዎቹ ድካም ከንቱ አይቀርም።