«የራምቦ ቤት»፦ አንድ የሐረር ቤትና ሁለት ነጋዴዎች

ሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው ከአካባቢው ቤቶች ሁሉ ጎልቶ የሚታይ የእንጨት ፎቅ ያገኛል። ቤቱ «የራምቦ ቤት» ይባላል። ዛሬ ሙዚየም ሲሆን የፈረንሳዩ ባለቅኔ የአርቱር ራምቦ መታሰቢያ ሆኖ ይጎበኛል። በዚህ ጽሑፍ ቤቱ በእርግጥ የማን እንደ ነበረና ስሙ ከባለቤቱ እንዴት እንደ ተለየ ለማሳየት እሞክራለሁ። ጥያቄው ለታሪክ ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም። የደራስያንን ሕይወት ከሥራዎቻቸው ጋር እያያዝን የምናስተምር ሁሉ ቦታን እንደ ማስረጃ እንጠቅሳለን፤ ማስረጃው ራሱ ሲመረመር ምን እንደሚሆን ይህ ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የዘመን ቅደም ተከተሉን እንመልከት። ራምቦ በ1854 ተወለደ፤ ገና ሃያዎቹን ሳያጋምስ ግጥም መጻፉን ተወ። ሐረር የገባው በታኅሣሥ 1880፣ ከተማዋ በግብፆች እጅ በነበረችበት ጊዜ (1875-1885)፣ መቀመጫውን ኤደን ላይ ላደረገ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ምኒልክ ሐረርን በ1887 ከያዙ በኋላ፣ ከ1888 እስከ 1891 ያለው ነው። በሚያዝያ 1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ውስጥ ሞተ። የምንነጋገርበት ቤት ግን የተሠራው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። እንግዲህ ራምቦ በዚህ ቤት ውስጥ ሊኖር ቀርቶ ቤቱን በዓይኑ ሊያየውም አይችልም።

የዘመን ስሌቱን ባናውቅ እንኳ ቤቱ ራሱ ይመሰክራል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ማለትም ጌ ጋር፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ጌጡ በውስጡ የተሰወረ ነው። ውበቱ ያለው ነደባ በሚባሉት ደረጃ በደረጃ መቀመጫዎች፣ በግድግዳው ላይ በተፈለፈሉት ማስቀመጫዎችና በተሰቀሉት ስፌቶች ላይ ነው፤ ለመንገደኛ የሚያሳየው ነገር እምብዛም የለውም። «የራምቦ ቤት» የዚህ ተቃራኒ ነው። የተቀረጸ እንጨቱ፣ ባለቀለም መስታወቱ፣ ሥዕል ያረፈበት ኮርኒሱ ሁሉ ይታይልኝ የሚል ነው። ይህ ከ1887 ወዲህ ወደ ከተማዋ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ያስገቡት አሠራር ነው። በአቅራቢያው ያለው «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለውም የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ ሲሆን፣ ከበሩ በላይ የዝሆን ራስ ያለው የሕንዶች አምላክ የጋኔሻ ቅርጽ ይታያል። እዚያም ቢሆን ስሙን ለቤቱ የተወው በኋላ የገባው እንግዳ እንጂ ያሠራው ሰው አይደለም።

ታዲያ ስሙ እንዴት ተለወጠ? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የአንባቢ ፍላጎት ነው። የራምቦ ዝና ከሞተ በኋላ እየገነነ ሄደ። ግጥሞቹን አንብቦ ሐረር የሚደርስ ሰው «ቤቱ የት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጠያቂ ባለበት ደግሞ መልስ ይገኛል፤ ለመልሱም ከተራው ቤት ይልቅ ለባለቅኔ የሚመጥን የሚመስለው ያማረ ቤት ይመረጣል። ስለዚህ «የራምቦ ቤት» የሚለው ስም ስለ ራምቦ ሕይወት የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ ራምቦ አንባቢዎች የሚነግረን ግን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሐረር የኖረው ራምቦ ባለቅኔ አልነበረም። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ የሚነግድ፣ በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ እንጦጦ ድረስ የወጣ ነጋዴ ነበር። ከዚህ አገር የጻፋቸው ነገሮች ለእናቱና ለእህቱ የላካቸው ደብዳቤዎች፣ የንግድ መልእክቶች፣ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የታተመው የኦጋዴን ዘገባና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው። በ1883 ያነሣቸው ፎቶግራፎችም አሉ። በደብዳቤዎቹ የምናገኘው ስለ ዋጋ፣ ስለ መሰልቸት፣ ስለሚያስፈልጉት የሙያ መጻሕፍት የሚያወራ ሰው ነው። እንግዲህ ቤቱን የሠራው ሕንዳዊና በስሙ የሚጠራበት ፈረንሳዊ በሙያ አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ለንግድ የመጡ ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው በወጣትነቱ ግጥም መጻፉ ነው። ያ ልዩነት ብቻ አንዱን ባለ ሙዚየም ሲያደርገው፣ ሌላውን በአስጎብኚ አንደበት ስም የሌለው «አንድ ሕንዳዊ» አድርጎ አስቀረው።

ይህን ስል ሙዚየሙ ስሙን ይለውጥ ማለቴ አይደለም። ቤቱ የራምቦን ፎቶግራፎችና የጥንቷን ሐረር ምስሎች ይዞ የሚሰጠው አገልግሎት ከፍ ያለ ነው፤ ዝናውም ቤቱን ከመፍረስ ሳይታደገው አልቀረም። የምለው፣ ሐረር ጁገል በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከተዘረዘሩት መለያዎቿ አንዱ ይኸው የሕንዶች የቤት አሠራር መሆኑን ጎብኚው በዚያው በር ላይ ማንበብ ይገባዋል ነው።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የአንድ ደራሲ ቤት ነው የተባለ ቤት ሲያጋጥማችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ለያይታችሁ ጠይቁ፦ ማን ሠራው? ማን ኖረበት? ስሙን ማን አወጣለት? ለመጀመሪያው ግንቡንና እንጨቱን፣ ለሁለተኛው ውሎችንና ደብዳቤዎችን፣ ለሦስተኛው የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የጎብኚዎችን ጽሑፍ መርምሩ። ሦስቱ መልሶች አንድ ሰው ላይ ካረፉ መልካም። ካላረፉ ግን ከዝነኛው ስም በስተጀርባ የተረሳ ባለቤት አለ ማለት ነው፤ የእርሱን ታሪክ መፈለግም የሥነ ጽሑፍ ጥናት ተግባር ነው።