ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ራሙ ይመርመር

ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው ቤት ውስጥ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ጌም ላይ ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣለው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ሲሆን፣ ባለቤቱም ችግሩ የት እንዳለ ሳያጣራ ከክፍሎቹ ሁሉ ውዱን ለመቀየር ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ካርዱ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ወጪ ሊስተካከል እየቻለ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ክፍል ራም ነው። ራም ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ ሳለ የሚፈልገውን መረጃ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ክፍል ሲሆን፣ ገዢዎች ስለ እሱ የሚጠይቁት ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ብቻ ነው። የጊጋባይቱ ብዛት ግን ራሙ ምን ያህል እንደሚይዝ እንጂ የያዘውን በምን ፍጥነት እንደሚያቀርብ አይናገርም።

ምርመራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። በጌም ውስጥ የሚታየው እንቅስቃሴ ፍሬም የሚባሉ ምስሎች ተከታትለው የሚፈጥሩት ሲሆን፣ በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲታይ እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተዘጋጅቶ ማለቅ አለበት። በዚህች አጭር ጊዜ ፕሮሰሰሩ በጌሙ ዓለም ውስጥ ማን የት እንደቆመና ምን እንደተመታ አስልቶ የሚሳለውን ያዝዛል፤ ካርዱም የታዘዘውን ይስላል፤ ከሁለቱ የዘገየው ሌላውን ያስጠብቃል። አስጠባቂው ማን እንደሆነ ለመለየት የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ የሚሳሉት ነጥቦች ከ2 ሚሊዮን በላይ ከነበሩበት ወደ 921,600 ስለሚወርዱ የካርዱ ሸክም በእጅጉ ይቀልላል። የፍሬሙ ቁጥር ያኔ ከፍ ካለ የዘገየው ካርዱ ነው፤ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን መዘግየቱ ከፕሮሰሰሩ ወይም ፕሮሰሰሩን ከሚመግበው ራም ስለሆነ አዲስ ካርድ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። በሙከራው ጊዜ ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስረው ቪሲንክ የተባለው ቅንብር መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩ 60 ላይ ተቸክሎ መርማሪውን ያሳስታል።

ወደ ራሙ ከመሻገር በፊት ማንም ሊስታቸው የማይገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የሞኒተሩ ኬብል መሰካት ያለበት ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ካርዱም ለፕሮሰሰሩ በሚቀርበው ረጅም ስሎት ላይ ይቀመጣል፤ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ከካርዱ አምራች የተወሰደ ይሁን። ሙቀትም ችላ ሊባል አይገባም፤ ፕሮሰሰር ከሙቀት ጣሪያው ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ከሚያወጣው ያንሳል። አቧራ የዋጠውን ፋን ለወራት ሳይጠርጉ ስለ ኮምፒዩተሩ ዝግመት ማማረር ግን ተገቢ አይደለም።

ራሙን በሚመለከት መጀመሪያ የሚታየው የቻናል ጉዳይ ነው። ቻናል ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት መስመር ሲሆን ስፋቱ 64 ቢት ወይም 8 ባይት ነው፤ የተለመዱት የቤት ኮምፒዩተሮችም ሁለት ቻናል አላቸው። ማሸጊያው ላይ 3200 የተጻፈበት ዲዲአር 4 ራም በሰከንድ 3,200 ሚሊዮን ጊዜ መረጃ ስለሚያስተላልፍ በአንድ ቻናል 25.6፣ በሁለት ቻናል 51.2 ጊጋባይት በሰከንድ የማድረስ አቅም አለው። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም የገዛ ሰው እንግዲህ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ከገዛው ጋር እኩል መያዣ ቢኖረውም የመስመሩን ግማሽ ዘግቷል ማለት ነው። ወፍጮው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን እህል የሚጨምርለት ከዘገየ ድንጋዩ ባዶውን እንደሚዞር ሁሉ፣ ፈጣን ፕሮሰሰርም መረጃ በጊዜው ካልደረሰው ጊዜውን በመጠበቅ ያሳልፋል። ጉዳቱ በይበልጥ የሚከፋው ራይዘን 5 5600ጂን በመሰሉ፣ ግራፊክሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ በተሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ነው፤ ባለ 12 ጊጋባይቱን አርቲኤክስ 3060 የመሰለ ካርድ በሰከንድ 360 ጊጋባይት የሚያደርስ የራሱ ሜሞሪ ሲኖረው፣ እነዚህ ግን ያለችውን የራም መስመር ከፕሮሰሰሩ ጋር ይሻማሉ።

ሁለት ራም መግዛትም ብቻውን አይበቃም፤ የሚሰኩበት ቦታ ወሳኝ ነው። አራት ስሎት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም በብዛት የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ስሎት ሲሆን፣ ጎን ለጎን በአንደኛውና በሁለተኛው የተሰኩ ራሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቻናል ላይ ተደራርበው ሌላውን ባዶ ይተዉታል። የራቀው ስሎት የተመረጠበት ምክንያት አለው፦ በብዙዎቹ ማዘርቦርዶች የአንድ ቻናል ሽቦ የቀረበውን ስሎት አልፎ የራቀው ላይ ስለሚያበቃ፣ መጨረሻው ባዶ ሲሆን ምልክቱ ከዚያ ነጥሮ እየተመለሰ ንባቡን ያውካል። ይህ ሁሉ ከማዘርቦርዱ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ በሥዕል ተመልክቷል፤ አሳዛኙ ነገር መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ እንደታጠፈ መቅረቱ ነው። ራሙ ሲገባ ማቀፊያው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ ከሁለቱም ጫፍ በእኩል መጫን አለበት።

ከሁሉም ይበልጥ የሚዘነጋው ግን የፍጥነቱ ቅንብር ነው። ማሸጊያው ላይ 3200 ወይም 3600 የተጻፈበት ዲዲአር 4 ራም ተሰክቶ ኮምፒዩተሩ ሲበራ በዚያ ፍጥነት ይሠራል ብሎ ማመን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ራሞች ባለቤቱ ካላዘዛቸው በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ይሠራሉ። የተጻፈው ፍጥነት የሚገኘው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን በሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ውስጥ፣ ተገብቶ ኤክስኤምፒ የተባለው ቅንብር ሲበራ ነው። ኤክስኤምፒ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቀው፣ አምራቹ የሞከረውን ፍጥነትና ቮልቴጅ በራሙ ላይ መዝግቦ የሚያስቀምጥበት ስልት ሲሆን፣ ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በ2022 ኤክስፖ የተባለውን ለዲዲአር 5 አቅርቧል። አንድ ባለ 3200 ራም ብቻውን ተሰክቶ በ2133 ሲሠራ የሚያደርሰው 17 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ይህም ሁለቱ በትክክል ተሰክተው፣ ቅንብሩም በርቶ ከሚገኘው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው።

ፍጥነቱ በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ በሜሞሪ ገጽ ላይ ይታያል፤ የቻናሉን ነገር ደግሞ ሲፒዩዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳያል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው፣ ሲፒዩዚ 1600 ሲያሳይ ባለ 3200 ራም የገዛው ሰው ተታለልኩ ብሎ ሻጩን መክሰሱ ነው፤ ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ መረጃ ስለሚያስተላልፍ የምቱ ቁጥር ምንጊዜም ራሙ የሚሠራበት ፍጥነት ግማሽ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ዲዲአር 5 ራም ሁለት ቻናል አለው እየተባለ የሚነገረው ነው፤ በውስጡ ሁለት ንዑስ ቻናሎች መኖራቸው እውነት ቢሆንም እያንዳንዳቸው 32 ቢት ስለሆኑ ድምራቸው ያው 64 ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ራም ማስፈለጉ አልቀረም።

ቅንብሩ አንዴ በርቶ መቆየቱም መፈተሽ ይኖርበታል። ባዮስ ሲታደስ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች ክብ ባትሪ ስትደክም ቅንብሩ ወደ መነሻው ሊመለስ ይችላል፤ መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒዩተሩ ቀን ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ራሙም በዚያው ወደ 2133 ተመልሶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር አርጅቷል ብሎ ከመሸጥ ባትሪዋን መቀየር ይቀላል።

ኤክስኤምፒ ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም፤ ኤች 510ን የመሰሉ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰሩ በይፋ ከሚቀበለው በላይ ፍጥነት አይፈቅዱም፤ ኮምፒዩተሩ ቅንብሩ ከበራ በኋላ ራሱን እያጠፋ የሚነሣ ከሆነም ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ሜምቴስት 86 በተባለው የራም መፈተኛ ፕሮግራም መፈተን ያስፈልጋል። ብርቱ ካርድ ይዞ በከፍተኛ የምስል ጥራት ለሚጫወት ሰው ራሙን ማስተካከል የሚያመጣው ልዩነት ጥቂት ሲሆን፣ ካርድ ለሌለው የ5600ጂ ባለቤት ግን ከየትኛውም ማሻሻያ ቀድሞ የሚመጣ ነው። ራሙ በቦታውና በፍጥነቱ መሥራቱ ተረጋግጦ፣ የምስሉ ጥራት ዝቅ ሲል የፍሬሙ ቁጥር አሁንም የሚያሻቅብ ከሆነ፣ ካርድ ለመግዛት በቂ ምክንያት የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።