የቅባቱን ዕቃ ገልብጠን እናንብብ

በዚህ እትም ስለ ሰውነት ቅባት እንጨዋወታለን። «መምህራኑ ደግሞ ምን ነካቸው፣ የውበት ሳሎን ከፈቱ እንዴ?» እንዳትሉን። ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ካኩማ፣ በማታው የአዋቂዎች ክፍላችን ውስጥ ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከክፍል ቀረች። ስትመለስ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ለካስ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቿ ፎቶ ልትልክ ፈልጋ፣ ፊቷ ቀላ እንዲል ከገበያ አንድ ክሬም ገዝታ ስትቀባ ኖሯል። መጀመሪያ አማረባት። ቀጥሎ ግን ፊቷ ተቃጠለ፣ ተላጠ። ክሊኒክ ሄዳ «ምን ተቀባሽ?» ሲሏት ዕቃውን አሳየች። ዕቃው ላይ የአንዲት ቆንጆ ሴት ሥዕል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድም ቃል አልነበረም። ታሪኳን ስሟ ሳይጠቀስ እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች።

እኛም አፈርን። እንግሊዝኛ ማንበብ እናስተምራለን፤ ሆኖም በየቤታችን ያለውን ጽሑፍ አንብቡ ብለን አናውቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ሰው ቤቱ ያለውን ቅባት ይዞ እንዲመጣ አደረግን። ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ ሎሽን፣ የኮኮናት ዘይት፣ ከደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን የተገዛ ሉሉ ሳይቀር ጠረጴዛውን ሞላው።

ቆዳችን ለምን ይደርቃል?

የቆዳችንን የላይኛውን ሽፋን እንደ ጡብ ግንብ አድርጋችሁ አስቡት። ጡቦቹ የሞቱ ሴሎች ናቸው፤ ጡቦቹን የሚያያይዘው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። ስቡ ውስጥ ያለውን ውኃ እንዳይወጣ ይጠብቃል። የካኩማ ደረቅ ነፋስ ውኃውን ይወስዳል። ለልብስ የሚሆነው ባር ሳሙና ደግሞ ስቡን አጥቦ ይወስዳል። ያኔ እጃችን አመዳም ይሆናል፣ ተረከዛችን ይነቃል። እንግዲህ ቅባት ሁሉ የሚሠራው ከሦስት ሥራዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ነው።

አንደኛው መክደን ነው። ቫዝሊን፣ የፓራፊን ዘይትና ከበግ ፀጉር የሚገኘው ላኖሊን እንደ ድስት ክዳን ናቸው፤ ውኃው እንዳይተን ያግዳሉ። በዚህ ሥራ ከቫዝሊን የሚበልጥ አይገኝም። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጣ ሲሆን አሜሪካዊው ሮበርት ቼዝብሮ የባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው።

ሁለተኛው ውኃ መሳብ ነው። ግሊሰሪን ዋናው ነው። ሳሙና ሲሠራ ከስቡ ተለይቶ የሚወጣ ጣፋጭና ወፍራም ፈሳሽ ነው። ዩሪያም እንደዚሁ ይስባል።

ሦስተኛው ማለስለስ ነው። የኮኮናት ዘይት፣ የሰሊጥ ዘይትና ሉሉ በተሰነጠቀው ጡብ መሀል ገብተው ይሞላሉ፤ በመጠኑም ይከድናሉ። ሉሉ የሚወጣው ከሺያ ዛፍ ፍሬ ነው። ዛፉ በደቡብ ሱዳን፣ በሰሜን ኡጋንዳና በእኛም አገር በጋምቤላ ይበቅላል። እናቶቻችን የሚቀቡት ለጋ ቅቤም ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሽታውን ከቻላችሁት ማለታችን ነው።

የድንቹ ፈተና

በቃል ብቻ ከማስተማር ብለን አንድ ድንች ሦስት ቦታ ቆረጥን። አንዱን ቁራጭ ቫዝሊን ቀባነው፣ ሁለተኛውን ምንም ያልተቀላቀለበት ግሊሰሪን ቀባነው፣ ሦስተኛውን ባዶውን ተውነው። በማግስቱ ባዶው ደርቆ ተጨማዷል። ቫዝሊን የተቀባው እርጥብ እንደሆነ ነው። ግሊሰሪን የተቀባውስ? ላዩ ውኃ አቅርሯል፣ ድንቹ ግን ልፍስፍስ ብሏል። ውኃውን የሳበው ከአየር ሳይሆን ከራሱ ከድንቹ ነዋ! በእኛ ደረቅ አየር ግሊሰሪንን ብቻውን መቀባት ቆዳችንንም እንደዚሁ ሊያደርገው ይችላል። ስለሆነም ግሊሰሪን በውኃ ይቀጠን፣ ከላዩም ስስ ቫዝሊን ወይም ዘይት ይደረግበት።

የዕቃው ጀርባ ምን ይላል?

ደንቡ ቀላል ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ብዙውን ነው። ካመጣናቸው ሎሽኖች የአብዛኞቹ የመጀመሪያ ቃል «አኳ» ነበር። አኳ ማለት በላቲን ውኃ ነው። ከጀሪካን የምንቀዳው ማለት ነው! ቀጥሎ ግሊሰሪን፣ የፓራፊን ዘይት፣ ውኃና ዘይቱን የሚያስታርቅ ነገር፣ እንዳይበላሽ የሚያደርግ መድኃኒት፣ መጨረሻ ላይ ሽቶ ይመጣል። ፊት ለፊት በትልቁ «ኮኮዋ» ወይም «ማር» ተብሎ ተጽፎ፣ ከኋላ ግን ኮኮዋው ከሽቶው በታች ከተገኘ፣ የገዛችሁት ስሙን ነው።

አንድ ተማሪ «ሴቲሪል አልኮል» የሚለውን አይቶ ደነገጠ። ይሄ ግን የሚጠጣው ዓይነት አልኮል አይደለም፤ ከስብ የሚሠራ ማለስለሻ ነው፣ አያደርቅም።

ሎሽን መጥፎ ነው አላልንም። ቀለል ይላል፣ ቶሎ ይሰራጫል፣ ልብስ አያቆሽሽም። ነገር ግን ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ዋጋውን በመጠኑ አካፍሉት። 200 ሚሊ ሊትሩ 150 ሽልንግ ከሆነ፣ 100ው 75 ሽልንግ ወጣለት ማለት ነው። ከዚያም ከዚህ ውስጥ ስንቱ ውኃ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጊዜው ነው። ገላችሁን ታጥባችሁ ቆዳችሁ ገና እርጥብ እያለ ተቀቡ። ክዳን የሚጠቅመው ድስቱ ውስጥ ውኃ ሲኖር ነው። ለሕፃናት ሽቶ የሌለበት ይሻላል። ደግሞም ቫዝሊንና ፓራፊን የጠጣ ልብስ እሳት ቶሎ ይይዘዋልና ከከሰል ምድጃ ራቁ።

መርዙ የቱ ነው?

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ከላይ ያየናቸው ቅባቶች ቆዳ አያቀሉም። «ያቀላል» የሚባል ዕቃ ስታዩ ሦስት ነገሮችን ጠርጥሩ።

ሜርኩሪ፦ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩረስ ክሎራይድ» ወይም «ሜርኩሪክ አዮዳይድ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ አይጻፍም። ኩላሊት ይጎዳል። በፎጣና በእጅ ንክኪ ወደ ሕፃናትም ይተላለፋል። ዕቃው ላይ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአልሙኒየም ጌጥ ጋር አታነካኩ» የሚል ካያችሁ ምልክቱ ይሄው ነው።

ሃይድሮኪኖን፦ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት የቀላውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል።

ስቴሮይድ፦ «ክሎቤታሶል» ወይም «ቤታሜታዞን» ይላል። ሐኪም ሲያዝዘው መድኃኒት ነው። በዘፈቀደ ሲቀቡት ግን ቆዳን ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ተቀብታችሁ ከሆነ በድንገት ማቆሙም ሊያባብስ ስለሚችል ክሊኒክ ጠይቁ።

ሜርኩሪን በተመለከተ የዓለም አገሮች እ.ኤ.አ. በ2013 የሚናማታን ስምምነት ተቀብለዋል። በ2023 ባደረጉት ጉባኤም ሜርኩሪ የተጨመረበት ማንኛውም መዋቢያ ከ2025 በኋላ እንዳይመረት፣ ከአገር አገርም እንዳይነገድ ወስነዋል። ኬንያም ሜርኩሪና ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን ማቅያዎች ከከለከለች ቆይታለች። ሕጉ አለ፤ ገበያው ውስጥ ግን ዕቃው አልጠፋም። ስለዚህ እያንዳንዳችን የራሳችን ተቆጣጣሪ መሆን አለብን።

የክፍላችን ደንብ አሁን አጭር ነው፦ ዝርዝር የሌለውን አንገዛም፣ ያልገባንን ቃል ጽፈን ክፍል እናመጣለን።

ተማሪያችን ዛሬ ፊቷ እየዳነ ነው። ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ቆዳዋ ላይ ስስ ቫዝሊን ትቀባለች። ፎቶውንም ተነስታ ልካለች፤ እንደ ድሮዋ ጠይም ሆና። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጎረቤቷን ከነክሬሟ ይዛ ክፍል መጣችና ዕቃውን ገልብጣ እያሳየቻት «በይ እስቲ አንብቢው» አለቻት። እኛም ዝም ብለን አዳመጥን።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር እንሰንብት።