የጅማ አይሮፕላን ጣቢያና እኛ የመርካቶ ሰዎች

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት ስለ አይሮፕላን የጠለቀ ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት በጅማ መርካቶ፣ እናቴ ኮረሪማና ማር ከምትሸጥበት መደብ ጀርባ ነው። የአይሮፕላኑን ድምፅ ከወፍጮው ድምፅ ጋር እያደባለቅሁ ስሰማ ስለ ኖርሁ፣ ቀና ብሎ ማየቱን እንኳ ትቼው ነበር። ይህ አይሮፕላን ለከተማችን ምን እንደሚጠቅማት፣ በአየሯና በውሃዋ ላይስ ምን እንደሚያደርስ፣ ይልቁንም እኛ በእርሱ ላይ ምን እንደምናደርስበት መጠየቅ የጀመርሁት ባለፈው ዓመት ነው። ለመጠየቅ ያበቃኝን ነገር በቦታው እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነው። በአገር ውስጥ የከፈተው የመጀመሪያው መሥመር ግን ወደ ሌላ ከተማ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ይህ ነው አይባልም፤ ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ግን የፈጠርሁት መስሏቸው ሣቁብኝ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቡና ነው። በዚያ ዘመን ከጅማ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የግቤን በረሓ የሚያቋርጥ ሆኖ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ጭቃው መኪና የሚውጥ ነበር። አየር መንገዱ የጀመረባቸው አይሮፕላኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደርና ለስንቅ ማመላለሻ የተሠሩ ዳግላስ ሲ-47 የሚባሉ ሲሆኑ፣ መቀመጫቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ አግዳሚ ነበር። ጭነቱ በመካከል ይደረደራል፤ መንገደኛውም ፊት ለፊት እየተያየ ጆንያውን በእግሩ ደገፍ አድርጎ ይጓዛል። አንዱ አይሮፕላን ሦስት ቶን ያህል ሊሸከም ስለሚችል፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ሃምሳ ያህል ይይዛል ማለት ነው።

የአያቴ አባት በዚያ ዘመን የቡና ጆንያ ተሸካሚ እንደ ነበሩ አያቴ ይነግሩናል። እርሳቸው የሚሸከሙት ጆንያ በአየር ሲሄድ እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይሳፈሩ አረፉ። አያቴ ይህን ሲናገሩ በቅሬታ አይደለም፤ እንደ ጨዋታ ነው።

ዛሬ ቡናችን በአይሮፕላን አይሄድም። መንገዱ አስፋልት ስለ ሆነ የጭነት መኪና ይዞት ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይወስደዋል። እንግዲህ በአባ ጅፋር ስም የሚጠራው አይሮፕላን ጣቢያችን ለእኛ ምን ቀረለት ቢባል፣ የቀረለት ሰው ነው። የሊሙንና የጎማን ቡና በዐይናቸው አይተው ለመግዛት የሚመጡ ነጋዴዎች፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና እንግዶች፣ በችኮላ የሚፈለግ መድኃኒት፣ ከሁሉም በላይ ሕመምተኞች በዚያ በኩል ያልፋሉ። በጣቢያው ዙሪያም እንጀራ የሚያገኝ ብዙ ነው፤ ጥበቃው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ ሻንጣ አውራጁ፣ የባጃጅ ነጂው፣ ጀበና ጥዳ መንገደኛ የምትጠብቀው ሴት ሁሉ ኑሯቸው ከአይሮፕላኑ ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም። የአይሮፕላን ነዳጅ እናቶቻችን ለኩራዝ ከሚጠቀሙበት ነጭ ጋዝ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከአንድ ኪሎ ነዳጅ ውስጥ 860 ግራም ያህሉ ካርቦን ሲሆን፣ ሲቃጠል እያንዳንዱ 12 ግራም ካርቦን ከአየር 32 ግራም ኦክሲጅን ስቦ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሒሳቡን ያሠራነው እንደ ሆነ ከአንድ ኪሎ ነዳጅ ከሦስት ኪሎ የሚበልጥ ጋዝ ይወጣል። አንድ ጓደኛዬ «ከአንድ ኪሎ ሦስት ኪሎ እንዴት ይወለዳል?» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ መልሱ ተጨማሪው ክብደት ከምንተነፍሰው አየር የተወሰደ ኦክሲጅን መሆኑ ነው። ይህ ጋዝ በሰማይ ሲከማች የምድርን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይይዛል። ቡና ደግሞ ሙቀት የማይወድ ተክል ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለአጋሮና ለጌራ ገበሬ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ወደ ጅማ የሚመጣው ፕሮፔለር ያለው ኪው-400 የተባለው አይሮፕላን ሰባ ከምናምን መንገደኛ ይይዛል፤ በሰዓትም አንድ ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። በረራው ሰዓት ስለማይሞላ፣ በአንድ ጉዞ የሚወጣውን ጋዝ ከሦስት ቶን በታች ብንገምት ብዙ አንሳሳትም። መቀመጫው ሞልቶ ከሆነ ለአንድ ሰው 40 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ እጥፍ ይሆናል፤ ባዶ ወንበር ኪሳራነቱ ለአየር መንገዱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ፕሮፔለር ያለው አይሮፕላን በአጭር መንገድ ላይ ከጄት ይልቅ ነዳጅ የሚቆጥበው ብዙ አየር በዝግታ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው፤ ጄቱ ጥቂት አየር በኀይል ይተፋል፤ ጉልበቱም ከፊሉ ከኋላው በከንቱ ይቀራል። በዚያም ላይ ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየር በሳሳ ቁጥር ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ ረዥም መንደርደሪያም የገበሬ መሬት ይወስዳል። ይህን የመሬት ነገር በዋዛ የምናልፈው አይደለም፤ በቢሾፍቱ አጠገብ ለተወጠነው ትልቅ አይሮፕላን ጣቢያ ስንት ገበሬ ከኖረበት መነሣት እንደ ነበረበት ሁላችንም የሰማነው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ስታነብ በብዙ ቦታ የሚያጋጥምህ ምሳሌ በሕንድ አገር በኬራላ የሚገኘው የኮቺ አይሮፕላን ጣቢያ ነው። ከነሐሴ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስፈልገውን የኤሌክትሪክ ኀይል ሁሉ ከፀሐይ ያገኛል፤ በመስተዋቶቹ መካከልም አትክልት ይተከላል። በአህጉራችንም በደቡብ አፍሪካ የጆርጅ ከተማ ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ይህንኑ በከፊል ጀምሯል። ኬራላ እንደ ጅማ ዝናም የሚበዛባት፣ የእናቴ ኮረሪማ ዘመድ የሆነው ሄል የሚበቅልባት አገር ስለ ሆነች ምሳሌው ልቤን ስቦት ነበር። ነገር ግን ጥቂት ቆይቼ ሳስበው አንድ ልዩነት ታየኝ። የሕንድ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ነው፤ የእኛ ግን ከውሃ ነው። ከጅማ ሩቅ ያልሆነው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጊልገል ግቤ ግድብ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራ ነው። ስለዚህ የጅማ ጣቢያ መብራቱን ሁሉ ከፀሐይ ቢያደርገው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ከማስነሣት ይድን ይሆናል እንጂ፣ የኮቺን ያህል ጢስ አይቀንስም። በእኔ አስተያየት የሌላውን አገር መድኃኒት ከመዋጥ በፊት የራስን በሽታ ማወቅ ይሻላል።

የእኛስ በሽታ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ወደ ራሴ ታሪክ የምመለሰው።

ባለፈው ዓመት አክስቴ በጽኑ ታመመችና ወደ አዲስ አበባ እንድትሄድ ታዘዘች። በመኪና መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጣ መጓዝ እንደማትችል ስለ ተነገረን ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ በአይሮፕላን ተሳፈረች። እኔ ልሸኛት ሄጄ፣ ከገባች በኋላ ከውጭ ቆሜ አይሮፕላኑ እስኪነሣ እጠብቅ ነበር። ከሩቅ በረግረጉ በኩል አሞሮች በብዛት ይዞራሉ። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣

«ልጄ፣ የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«የመርካቶ ነኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ እነዚያ የእናንተ እንግዶች ናቸው» አሉና ወደ አሞሮቹ ጠቆሙኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ የምትጥሉትን ይበሉና ወደዚህ ለመናፈስ ይመጣሉ።»

እርሳቸው በቀልድ ተናገሩት፤ እኔ ግን የሆዴን ፍርሃት ያወቁብኝ መሰለኝ። ምክንያቱም የባሕር ዳርን አደጋ አንብቤ ነበር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ለመሄድ ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ፤ አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሲሞክሩ ሞተሮቹ ጠፉና በሆዱ ወድቆ ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግብ እንዴት አይሮፕላን ይጥላል ለሚል ሰው ፊዚክስ መልስ አለው። ጉልበት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ስለ ሆነ፣ 350 ግራም የምትመዝን ወፍ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ አይሮፕላን ጋር ስትጋጭ የምታሳርፈው ምት፣ አንድ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጉልበት ጋር ይቀራረባል። ያ ሁሉ ምት በሞተሩ ቀጭን ስለት ላይ ነው የሚያርፈው። ባሕር ዳርም እንደ ጅማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ውሃና ረግረግ የከበባት ከተማ ናት።

የአክስቴ አይሮፕላን በሰላም ተነሣ። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ ያሰብሁት ስለ ራሴ እጅ ነበር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሐሙስ ማታ ገበያው ሲበተን የዶሮውን ላባና አንጀት፣ የበሰበሰውን ፍሬ፣ የጎረቤትን አጥንት ሳይቀር በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር የምጥለው እኔ ነበርሁ። ለዚያውም ለአንድ ጉዞ ከረሜላ መግዣ እቀበል ነበር።

ለወፎች የሚደረገው ጥንቃቄ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ሠራተኞች በድምፅ ያባርሯቸዋል፤ ሣሩንም በልክ ይቆርጡታል፤ አለዚያ አይጥና አንበጣ ይጠለልበትና ጭልፊት ይጠራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደግሞ የቆሻሻ መጣያ ከአይሮፕላን ጣቢያ 13 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመክራል። ጅማ ላይ ይህን መለኪያ ብንዘረጋ መርካቶ ራሱ በክቡ ውስጥ ይገባል። አጥር አሞራ አያግድም፤ አባ ኮዳም የጥበቃ ሠራተኛ ፈቃድ አይጠይቅም። ጣቢያው የቻለውን ያህል ቢጠነቀቅ ምግባቸው ከእኛ እስከ ሆነ ድረስ ይመጣሉ።

ታዲያ ረግረጉን አድርቆ ወፎቹን ማባረር አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። አይሻልም። የቦዬና የሌሎቹ ረግረጎች ጥቅም ብዙ ነው። ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ እንደ ስፖንጅ ይመጡታል፤ በበጋም ለከብት ሣር ያበቅላሉ። የሸክላ ጡብ ሠሪዎች ጭቃውን እየቆፈሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ቦታ ነው፤ ምንም እንኳ ጉድጓዱ ሲበዛ ረግረጉ መጎዳቱ ባይቀር። አይሮፕላን የሚቆምበት ንጣፍ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይትና ነዳጅ ካለ በዝናም ታጥቦ ወደ እንዲህ ያለው ቦታ ይወርዳል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ጎርፉን በጉድጓድ አሳርፎ፣ ዘይቱ ሲንሳፈፍ ከላይ መቅዳት፣ ውሃውን ከሥር መልቀቅ ነው። እናቴ የሾርባ ስብ የምትገፍበት ዘዴ ከዚህ አይለይም።

እኛ ቤት የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው። የኮረሪማው ቅርፊትና የቅጠላ ቅጠሉ ጥራጊ ከቡና ገለፈት ጋር ተደባልቆ ከጓሮ ይበሰብሳል፤ አጎቴ አጋሮ ላይ ለቡና ችግኙ ይወስደዋል። በነጻ ነበር የሚወስደው፤ አሁን እናቴ ማር ታስመጣበታለች። አስቸጋሪው አጥንትና አንጀት ነው። ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ጥልቅ ጉድጓድ ለመቆፈር ተስማሙ፤ ቦታው ከማን ደጃፍ ይሁን በሚለው ላይ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተስማሙም።

አክስቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሽሏት ተመለሰች፤ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝም ደብተር ነው። በዚያ ደብተር ላይ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ከመርካቶ በላይ የሚዞሩትን አሞሮች እየቆጠርሁ መጻፍ ጀመርሁ። ሐሙስና ቅዳሜ ከሌላው ቀን በግልጽ ይበዛሉ፤ በጾም ወራት ሥጋ ቤቶቹ ሲዘጉ ይቀንሳሉ፤ የፋሲካ ማግስት ደግሞ መቁጠር ያቅተኛል። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ስለምጨርስ፣ ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ቆጠራውን ለመቀጠል የሚፈልግ ቢኖር ደብተሩን ለሳይንስ መምህራችን ትቼለት እሄዳለሁ። ገና ግማሹ ባዶ ነው።