እንቁራሪት አዳኙ እባብና የእኛ ምላጭ

ክረምት በገባ ቁጥር ወደ መድኃኒት ቤት መጥተው «የእባብ መድኃኒት አላችሁ?» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። በአምበርና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ዝናቡ ሲበረታ ዋልካው ውሃ ይቋጥራል፤ እንቁራሪቱም ይበዛል። እንቁራሪት በበዛበት ደግሞ እሷን የሚያድን እባብ ቢመጣ አይግረማችሁ።

በአገራችን ከሚገኙት እንቁራሪት አዳኞች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ክሮታፎፔልቲስ ሆታምቦያ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ያጥራል፤ ቀን ድንጋይና ግንድ ስር ተደብቆ ይውልና ሌሊት ይወጣል። መርዝ አለው። ነገር ግን የመርዝ ጥርሶቹ እንደ እፉኝት ከፊት ሳይሆኑ ከላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ገባ ብለው የበቀሉ፣ ቦይ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ እንቁራሪቷን ወግቶ አይለቃትም፤ ነክሶ ይይዛትና መንጋጋውን እያንቀሳቀሰ ጥርሱን ያጠልቅባታል። መርዙ በቦዩ ወርዶ ሲያዝላት እንዳለች ይውጣታል።

ሰውን ሲነክስ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ለቆ ይሸሻል። የሚተርፈውም ጭረት ወይም ቀላል እብጠት ነው።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተነከሰው ሰው በምላጭ ይበጣል፣ ቅጠል ይታሰርለታል፣ በማግስቱ ይድናል። ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል! ያለ ቅጠሉም ይድን እንደነበር የሚያስብ የለም። በሌላ ቀን እፉኝት ሲነክስ ያው ምላጭ ይፈለጋል፤ ውድ ሰዓታት ያልፋሉ። ጥርቅም ብሎ የታሰረ ገመድ ደም አግዶ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል፤ ብጣቱም ደም ያፈሳል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በከንቱ አይደለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገመታል።

በጨለማ የነከሳችሁ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አትድከሙ። ገድላችሁም አትያዙት፤ የሞተ እባብ ጭንቅላት ሊነክስ ይችላል። ቀለበትና አልቦ አውልቁ፤ የተነከሰው እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፉና በሽተኛውን በቃሬዛ ወደ ጤና ተቋም አድርሱ።

የእባብ መርዝ ማርከሻው በደም ስር የሚሰጥ ነው፤ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችልም ሐኪም አጠገብ መኖር አለበት። ከእኛ መደርደሪያ ተገዝቶ ቤት የሚወሰድ አይደለም። ለሕመሙ ከሆነ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ግን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ አትስጡ።

ለሱብሂ በጨለማ የምትወጡም ባትሪ ያዙ፤ እግራችሁንም በጫማ ሸፍኑ።